እኔን

«የኔ ዓይን አይችልም፤ አንቺ እይልኝ» ብላ
ማዳም መነጽሯን ሰጠችኝ፣ ከፊቷ ነጥላ።
ሾፌሩ አወረደኝ ከራስ አል ኬማ ዳር፦
ጨው የበላው አጥር፣
አንድ ቀጭን አስፋልት፣ ከጎኑ ባሕር።

ነሐሴ ነው። ሙቀቱ ከመሬት ተነስቶ ይርገበገባል፤
ጀበል ጀይስ በላብ ውስጥ እንደሚያዩት ሰው ይደበዝዛል።
ብርቱካን ቀለም ያለው የነፋስ ከረጢት
አንዴ ወደ ባሕሩ ይጠቁማል፣ አንዴ ወደኔ፣
እንደ ሐሰት ምስክር፣ ቃል እንደሌለው ሰው ዓይነት።

ሱሀይል ዛሬ ብቻውን ነው።
አስተማሪው ኩማራ ወርዶለት፣ ሬዲዮ ጨብጦ ከጎኔ ቆሟል፤
«ሁለቴ አርፏል፤ ይህችን ሦስተኛዋን ካረፈ፣ በቃ፣ ለብቻው በርሯል።»

አረፈ።
ይህን ቃል በልቤ እንኳ ወደ አማርኛ አልመለስኩትም፤
እኛ ዘንድ ያረፈ ሰው ተመልሶ አይነሳም።
«ወረደ» ይባልልኝ።

የሐይቅ ልጅ ነኝ። ይብራ ከውሃ ላይ ሲወርድ እያየሁ ነው ያደግኩት፤
እግሩን ወደ ፊት ሰዶ፣ ደረቱን ቀና ያደርጋል፤
አይቸኩልም፤
ውሃው እስኪመጣለት ይጠብቃል እንጂ
ወደ ውሃው አይወረወርም።

ነጯ አውሮፕላን፣ መጀመሪያ ዝንብ የምታህል፣
እያደገች መጣች። «ፈጠነ» አለ ኩማራ፣ ለራሱ ያህል።

ነካች። ነጠረች።
«እኔን!» አልኩ።

በአሥር ወሩ የተረከብኩት ልጅ ነው።
የቤቱ እምነበረድ ያዳልጠው ነበር፤
በወደቀ ቁጥር «እኔን! እኔን ድፍት ያርገኝ!» እያልኩ ነው ያነሳሁት።
እናቱ «ምንድነው የምትይው?» ስትለኝ፣ ዐረብኛው ጠፍቶኝ
«ቢስሚላህ ማለት ነው» አልኳት።
ዋሸሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ደግሞ ነካች። ደግሞ ነጠረች፣ ከበፊቱ ከፍ ብላ።
«አትግፋው! ኃይል ስጣትና ተነስ! ተነስ!» ኩማራ በሬዲዮው፤
ልጁ ግን የድሮው ልጅ ነው፤
ሲንገዳገድ፣ ቆሞ ከመጠበቅ ይልቅ
መሬቱን ሮጦ መያዝ ነው አመሉ።

በሦስተኛው በአፍንጫዋ መጣች።
የፊት እግሯ ተቀጨ። ድፍት አለች።
ፕሮፔለሯ አስፋልቱን ነክሶ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተቆለመመ፤
አሸዋው ተነሳ፣
ከዚያ የነፋሱ ከረጢት ሳይቀር ቆመ።

ሮጥኩ።
የማዳም መነጽር የት እንደወደቀ አላውቅም፣ አንድ ጫማዬም የት እንደቀረ።
ስደርስ በሩን በትከሻው ገፍቶ በራሱ እግር ወረደ፤
ከንፈሩ ደምቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።
እኔን አላየኝም። ኩማራንም፣ የእሳት አደጋውን መኪናም አላየም።
ዞሮ የተቆለመመውን ብረት በመዳፉ ዳሰሰ፣
እንደ ተላጠ ጉልበት አሸት አሸት አድርጎ፣
«እኔን» አላት።

የአብራሪው መመሪያዋ በእንግሊዝኛ፣ ባለቤቶቿ በዐረብኛ፤
እሱ ግን አባበላት በሐይቅ አማርኛ።

ከሰዓት አንድ መኮንን ፎርም ይዞ መጣ።
«ምስክር ነሽ። ስትሮጪ ትጮሂ ነበር አሉ፤ ምን እያልሽ?»
«‹እኔን› እያልኩ።»
«አንቺን ምን?»
ላስረዳው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ገጠምኩት።
«ተጎድተሻል?»
«ኧረ፣ አልሐምዱሊላህ።»
ጻፈ፦ ጉዳት የለም።

ማዳም ስትደውል «ወረደ፣ ደህና ነው» አልኳት።
ስለ መነጽሩ አላነሳሁም።

ማታ ለሶላት ስንበረከክ
ሁለቱም ጉልበቴ፣ እንደ ወደቀ ሰው፣ አቃጠለኝ።